ራውንድ ላይ ከኋላ ለምትቆመው የሲ-ዋን ተማሪ

ጥያቄ፦

«ዶክተር፣ ጎንደር ሕክምና ነው የምማረው። ዘንድሮ ሲ-ዋን (ሆስፒታል ውስጥ የምንማርበት የመጀመሪያው ዓመት) ገብቻለሁ፤ አሁን ያለሁት ውስጥ ደዌ ነው። ፕሪክሊኒካል፣ ማለትም ገና ክፍል ውስጥ ስንማር፣ ውጤቴ ጥሩ ነበር። ዎርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ከገባሁ ወዲህ ግን ሁሉም ነገር ተምታቶብኛል። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ ታካሚዎቹን እየዞሩ ሲያዩ፣ ሰው ስለሚበዛ ከኋላ ነው የምቆመው፤ አይታየኝም፣ አይሰማኝም። ስጠየቅ የማውቀውም ይጠፋኛል። ሂስትሪ (የሕመም ታሪክ) ስወስድ አፍራለሁ። ያደግኩት አዲስ አበባ ስለሆነ ከገጠር የመጡ ታካሚዎች የሚሉት ሁልጊዜ አይገባኝም። አንዳንዶቹ ደግሞ ‹ስንቴ ነው የምትጠይቁኝ› ብለው ፊታቸውን ያዞሩብኛል። ከእኛ በላይ ያሉት እንዴት እንደቻሉት አላውቅም። ሕክምና ለእኔ አይሆንም ማለት ነው? እንዴት ብማር ይሻላል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። ሕክምና ላንቺ አይሆንም ማለት አይደለም። የነገርሽኝ ነገር ከፕሪክሊኒካል ወደ ዎርድ በተሻገረ ተማሪ ሁሉ ላይ ይደርሳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ክፍል ውስጥ በሽታው ስሙ ተጽፎለት ነው የሚመጣው። ርዕሱ «ማይትራል ስቴኖሲስ» (የልብ ቫልቭ መጥበብ) ይላል፤ ከሥሩ ምልክቶቹ ይዘረዘራሉ። ዎርድ ውስጥ ግን ከደንቢያ የመጣች ወጣት «ዳገት መውጣት አቃተኝ፤ ሌሊት ትንፋሽ ያጥረኛል» ትልሻለች። ስሙን የምታወጪለት አንቺ ነሽ። ያነበብሽው አልጠፋም። በበሽታ ስም ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ታካሚው ደግሞ የሚመጣው ስሜቱን ይዞ ነው። ያንን እንደገና መደርደር ወራት ይፈጃል። ሲ-ዋን የተሠራውም ለዚሁ ነው።

እኔም የተማርኩት ጎንደር ነው፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ተማሪም አስተምራለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የምልሽ አንድ ነገር ነው፦ ራውንድ ሲያልቅ ወደ ታካሚሽ ተመለሺ።

ራውንድ የሥራ ሰዓት ነው። ሲኒየሩ (ስፔሻሊስቱ ሐኪም) አለ፣ ሬዚደንቶቹ (ስፔሻሊቲ የሚማሩት ሐኪሞች) አሉ፣ ኢንተርኖቹ (የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹ)፣ ነርሷ፣ የክሊኒካል ፋርማሲ ተማሪዎች፣ ካንቺ አንድ ዓመት የሚቀድሙት ሲ-ቱዎች፣ ከዚያ እናንተ። አልጋው ሞልቷል፤ ውሳኔ ቶሎ መሰጠት አለበት። እዚያ መሃል ተጋፍቶ የልብ ድምፅ ለመስማት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ትምህርቱ ያለው ከራውንድ በፊት ባለው ሰዓትና ከራውንድ በኋላ ዎርዱ ረገብ ሲል ነው። ብዙ ተማሪ ራውንድ እንዳለቀ ጋውኑን አውልቆ ላይብረሪ ይገባል። ላይብረሪው ማታም አለ። ታካሚው ግን ነገ ተሽሎት ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ሁለት አልጋ ያዢ። ከሁለት አይብለጥ። ታካሚዎቹን ከገቡበት ቀን እስከሚወጡበት ቀን ተከታተያቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዎርድ ድረሺ። ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ጠይቂ። ሙቀቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን ራስሽ ለኪ። ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ቻርት (የታካሚውን መዝገብ) ገልጠሽ ብታዪ የሁሉም ታካሚ ትንፋሽ 20 ተብሎ ተጽፎ ታገኚያለሽ፤ ሰው ሁሉ እኩል አይተነፍስም። በደቂቃ 32 የሚተነፍስን ሰው ቆጥረሽ ያገኘሽ ቀን ሬዚደንቱ ቆሞ ይሰማሻል።

ከዚያ አስታሚዋን ጠይቂ። እዚህ ላይ አደራ እልሻለሁ። መድኃኒት መታዘዙና መሰጠቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቻርቱ ላይ ሴፍትሪአክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ ተጽፏል፤ ፋርማሲው ውስጥ ግን አልቆ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ከውጭ እንዲገዛ ወረቀት ተሰጥቶታል፤ ብሩ ስላልሞላ ወረቀቱ እስካሁን እናትየዋ ነጠላ ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ነው። ይህን በቻርት አታገኚውም። ራውንድ ላይ «ስንተኛ ቀኑ ነው? ለምን አልተሻለውም?» ተብሎ ሲጠየቅ ዎርዱ ሁሉ ዝም ይላል። መልሱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ትሆኛለሽ። ያን ጊዜ ከኋላ መቆምሽ ያበቃል፤ ወደ ፊት ነይ የሚልሽ ሲኒየሩ ራሱ ነው። መድኃኒቱ ያልተገዛበትን ምክንያት ለኢንተርኑ ወይም ለነርሷ ንገሪ፤ የጤና መድን እንዳላቸው ጠይቂ፤ ከሌላቸው የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አገናኚያቸው። ተማሪዎች ከኪሳቸው እያዋጡ መድኃኒት እንደሚገዙ አውቃለሁ። የሚያስመሰግን ነው፤ ግን መጀመሪያ ያለውን መንገድ ሞክሪ።

አሁን ወደ ሂስትሪው። ታካሚው ፊቱን ያዞረብሽ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሰው ያንኑ ታሪክ ለሲ-ዋን፣ ለሲ-ቱ፣ ለኢንተርን፣ ለሬዚደንት ይናገራል። ደክሞታል፤ አሞታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተናግሮ ምንም አላገኘም። ስለዚህ አቀራረብሽን ቀይሪ። መጀመሪያ «እግዜር ይማርዎት» በዪ። ስምሽንና ተማሪ መሆንሽን ተናገሪ። «ሌሎችም እንደጠየቁዎት አውቃለሁ፤ እኔ በየቀኑ እየመጣሁ ስለማይዎት ከራስዎ ብሰማ ደስ ይለኛል» በዪ፤ ደግሞም በየቀኑ ሂጂ። ቄስ ከሆኑ «አባ» በያቸው። በዕድሜ የገፉትን «እማማ»፣ «አባባ» ብትያቸው ማንም አይቀየምሽም። ግሉኮሱ አልቆ ከሆነ ነርሷን ጥሪ። የላቦራቶሪ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ አጣሪላቸው። ምግብ እየበሉ፣ ወይም ከጀርባቸው ውኃ ተቀድቶ ገና ሲተኙ አትጠይቂ። እምቢ ካሉም መብታቸው ነው፤ ደህና ይዋሉ ብለሽ ተነሺ። ሰውየው አልጋ ላይ ስለተኛ የመማሪያ ዕቃ አልሆነም።

አነጋገራቸው የማይገባሽ ቋንቋው ሌላ ሆኖ አይደለም፤ የሚቆጥሩት በሌላ መቁጠሪያ ስለሆነ ነው። «ትኩሳቱ ስንት ሳምንት ሆነዎት?» ብትዪ «ቆይቷል» ይሉሻል። «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ ወዲህ?» ብትዪ ግን ቀኑን ሊነግሩሽ ይችላሉ። አጨዳን ጥሪ፣ ፍልሰታን ጥሪ፣ የልጃቸውን ሠርግ ጥሪ። «ልቤን ያመኛል» ካሉሽ ደግሞ «በጣትዎ ያሳዩኝ» በዪ፤ ብዙ ጊዜ ጣታቸው ከደረት አጥንት በታች፣ ጨጓራቸው ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ግን ሳታቋርጪ አስወሪያቸው። ፎርሙን ለመሙላት ከቸኮልሽ ዋናው ነገር ያመልጥሻል።

የቆይታ ጊዜ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ጎንደር ስትማሪ በሌላ ከተማ እምብዛም የማይታይ በሽታ ታያለሽ፤ ካላ-አዛር። በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ፤ ሰሊጥ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ። ውጭ ያድራሉ። የአሸዋ ዝንብ ትነክሳቸዋለች። ከወራት በኋላ ከስተው፣ ደማቸው አንሶ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ወደኛ ይመጣሉ። ካልታከሙ ከሞት የሚተርፉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከታከሙ ግን አብዛኞቹ ይድናሉ፤ እዚሁ ሆስፒታላችን ውስጥ ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ። ሁሉም የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ «ለሥራ ቆላ ወርደው ያውቃሉ?» ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ጣፊያው ካበጠ፣ ሰውየውም መተማ ከርሞ ከመጣ ለምርመራው መንገድ ከፍተሻል። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይታሰባል፤ እዚህ አካባቢ ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሰው ላይ ተገናኝተው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ጣፊያውን ስትዳስሺ ደግሞ ይህን ያዢ። ተማሪ ሁሉ እጁን በቀጥታ የሚያሳርፈው በግራ የጎድን አጥንት ሥር ነው። የካላ-አዛር ጣፊያ ግን እምብርት አልፎ ሊወርድ ይችላል። እጅሽ ቀድሞውኑ ጣፊያው ላይ ስላረፈ ጠርዙን አታገኚውም፤ «ጣፊያ አይዳሰስም» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ስለዚህ ከቀኝ የታችኛው ሆድ ጀምሪ። እጅሽን አሙቂ። ሰውየው ጉልበቱን አጠፍ ያድርግ። በረጅሙ ተንፍስ በዪው፤ አየር ሲያስገባ ጠርዙ ወርዶ ጣትሽን ይነካዋል። ካልነካሽ አየሩን ሲያወጣ ጥቂት ወደ ላይ፣ ወደ ግራ ጎድን ተጠጊ። አትቸኩዪ፣ አትጫኚ። የጣት ጫፍሽ ያንን ጠርዝ አንዴ ካወቀው አይረሳውም። ይህንን ደግሞ በራውንድ ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ልታደርጊው አትችይም።

ልብም እንዲሁ ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የመጣ የልብ በሽታ በአካባቢያችን ወጣቶች ላይ በብዛት ይታያል። የማይትራል ስቴኖሲስን ድምፅ «አልሰማሁም» የሚል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ታካሚውን በጀርባው አስተኝቶ ነው የሚያዳምጠው። ወደ ግራ ጎኗ አዙሪያት። የስቴቶስኮፑን ቤል (ጎድጓዳውን ገጽ) የልብ ምት በሚመታበት ጫፍ ላይ ሳትጫኚ አሳርፊ። አየር አስወጥታ ትንሽ ትቆይ። በሌላው እጅሽ አንገቷ ላይ ያለውን ምት ያዢ፤ ከምቱ ጋር አብሮ የሚሰማው የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ሁለተኛውን አሳልፈሽ በመካከል ያለውን ጸጥታ አዳምጪ፤ ጉርምርምታው ያለው እዚያ ነው። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ አጠገብሽ ሰው ካወራ ያልፍሻል።

ስለ ጠበልና ስለ ጾም መጠየቅ አትፍሪ፤ ስትጠይቂ ግን ፊትሽን አታኮሳትሪ። ታካሚ የሐኪሙን ፊት ያነባል። ከተቆጣሽ ይደብቅሻል። «ጠበል ነበሩ? እዚያ ሳሉ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነበር?» ብለሽ ረጋ ብለሽ ጠይቂ። ጠበሉን ተዉ ማለት አይጠበቅብሽም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መጠመቅ እንደሚችሉ ማስረዳት ግን ትልቅ ሥራ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ጠዋት ኢንሱሊኑን ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ከዋለ ራሱን ስቶ ድንገተኛ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በአቢይ ጾም ስንት ሰዓት እንደሚበላ ማወቅ የሕክምና ጥያቄ ነው። የንስሐ አባቱን እንዲያማክር ምከሪው።

ስኳርን ካነሳን፣ የጎንደር ገጠር ታካሚ መጽሐፉ ላይ የምታነቢውን ሰውዬ አይመስልም። ቀጭን፣ ወጣት፣ ገበሬ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ሆኖ ታገኚዋለሽ። ይህንን በሚገባ ያጠኑትና ሕክምናው በየገጠሩ ጤና ጣቢያ እንዲሰጥ ብዙ የለፉት እዚሁ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ናቸው። መነሻውም ታካሚዎቹን በቅርብ መከታተል ነበር። ያንቺ ሁለት አልጋ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ።

ወደ ራውንዱ እንመለስ። ታካሚሽን ስታቀርቢ አሳጥሪ። ዕድሜ፣ የመጣበት ቦታ፣ ዋናው ሕመም፣ የቆየበት ጊዜ፤ ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለቅ። ከዚያ ሐሳቡን የሚያጠነክረውንና የሚያፈርሰውን ብቻ ተናገሪ። ያልመረመርሽውን «ኖርማል ነው» አትበዪ። «አላየሁትም» በዪ። ትንሽ ትቀያለሽ፤ ያልፋል። ያላየሽውን እንዳየሽ መናገር ግን ሰው ይገድላል። ከሲ-ዋን የተጀመረ እንዲህ ያለ ልማድ ስፔሻሊስት ሆኖም አይለቅም። እኔ ተማሪዬን ባለማወቁ አልጥለውም፤ በዚህ ግን እጥለዋለሁ።

ስጠየቅ ይጠፋኛል ላልሽው፣ የሚያስደነግጥሽ ጥያቄው ነው ወይስ አጠያየቁ? ሰው ፊት የሚያዋርድ አስተማሪ አለ። ማዋረድ ማስተማር አይደለም፤ «እኛም እንዲህ ነው የተማርነው» የሚለው ምክንያትም አያሳምነኝም። የተሰደበ ተማሪ በማግስቱ ይበልጥ ይደበቃል፤ ያልገባውንም አይጠይቅም፤ ጉዳቱ ዞሮ ለታካሚው ይተርፋል። ጥያቄውን ጻፊው፣ ማታ አንብቢው፣ በማግስቱ መልሱን ይዘሽ ነይ። ስድቡን ግን ለራስሽ አትውሰጂው። ነገሩ ወደ ብሔር፣ ወደ ፆታ ወይም ወደ ገላሽ ከዞረ ዝም አትበዪ፤ ለምታምኚው መምህር ወይም ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ አቅርቢ።

ሌላም ነገር አለ። በአማርኛ ጠይቀን በእንግሊዝኛ ነው የምንጽፈውና የምንወያየው። ታካሚው ስለራሱ ሲወራ ተኝቶ ያያል፤ አንድም ቃል አይገባውም። «ካንሰር» የምትለዋን ግን ይሰማታል። ገና ያልተረጋገጠ ነገር ሲወራ ያቺን አንዲት ቃል ይዞ ሌሊቱን ሲጨነቅ ያድራል። አልጋዎቹም የተቀራረቡ ናቸው፤ የአንዱን ኤችአይቪ ጎረቤቱ መስማት የለበትም። ራውንድ ሲያልቅ ተመለሺ ያልኩሽ ለዚህም ነው። ሬዚደንቱን «ምን ብዬ ላስረዳቸው?» ብለሽ አስፈቅጂ። ከዚያ ሂጂና በአማርኛ ንገሪያቸው፦ ዛሬ ምን እንደተወሰነ፣ ምን ምርመራ እንደቀረ፣ ለምን ደም እንደሚወሰድ። በአማርኛ ማስረዳት ያቃተሽ ነገር ካለ አልገባሽም ማለት ነው፤ ማታ የምታነቢው እሱን ነው። ታካሚውም ከዚያ በኋላ ፊቱን አያዞርብሽም።

ለራስሽ ደኅንነትም አስቢ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልጨረስሽ ዛሬ ጠይቂ፤ ሦስት ጊዜ ነው፣ በተለምዶ በመጀመሪያው ቀን፣ በወሩና በስድስተኛው ወር። መርፌ በስህተት ቢወጋሽ ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቢ፤ አትጭመቂው። አፍረሽ አትደብቂ፣ ወዲያውኑ ተናገሪ። የኤችአይቪ መከላከያው ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ቲቢ ወደተጠረጠረ ታካሚ ስትገቢ ኤን-95 ማስክ አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ።

ሌሎቹ አታችመንቶች (በየክፍሉ ተመድበሽ የምትማሪባቸው ጊዜያት) ላይ ብዙ አልቆይም፤ መንገዱ ያው ነው። ቀዶ ሕክምና ስትደርሺ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይነ ምድርም አየርም አልወጣ ብሎት የሚመጣ ታካሚ ታያለሽ፤ የአንጀት መጠማዘዝ በእኛ አካባቢ የተለመደ ነው። ከድንገተኛ ክፍል እስከ ኦፕሬሽን፣ ከኦፕሬሽን እስከ መውጫው ተከተዪው። ማህፀንና ጽንስ ላይ እጅሽን እናትየዋ ሆድ ላይ አሳርፈሽ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምጧ ስንቴ እንደመጣ ቁጠሪ፤ አይዞሽ በያት። ሕፃናት ክፍል ከእናትየዋ ጋር ካልተስማማሽ ሕፃኑን አትመረምሪውም።

በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ የቡድን ሥልጠናው ተራ ይደርስሻል። ትምህርት ቤታችን በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ሐኪም አልነበረም የሚያሠለጥነው። ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የሐኪሞች ትምህርት የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ያ የቡድን ሥልጠና ግን ዛሬም አለ። ጤና ጣቢያ ስትወጪ ሪፈር ወረቀቱ ከወዲያ በኩል እንዴት እንደሚጻፍ ታያለሽ። ታካሚሽ ለምን ዘግይቶ እንደደረሰም ያኔ ይገባሻል፤ መንገዱን ታይዋለሽና።

እንቅልፍ ከከለከለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ቀኑ ሁሉ ከጨለመብሽና ይህ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን የጥናት ዘዴ ጉዳይ አይደለም። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄደሽ ተመርመሪ። የሕክምና ተማሪ መሆን ከመታመም አያድንም።

ከእኛ በላይ ያሉት እንዴት ቻሉት ብለሻል። እነሱኑ ጠይቂያቸው። የሲ-ዋን ተማሪ ምርጥ አስተማሪ ኢንተርን ነው፤ አንቺ ያለሽበትን ካለፈ ገና ብዙ አልቆየም። ችግሩ ጊዜ የለውም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ዱቲ ያለውን (ተረኛውን) ኢንተርን ፈልጊና «ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት አብሬህ ልቆይ?» በዪው። ናሙና ላቦራቶሪ አድርሺለት፣ ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ) ውሰጂለት። አዲስ ታካሚ ሲገባ መጀመሪያ አንቺ ሂስትሪ ውሰጂ፣ ከዚያ እሱ ሲወስድ አጠገቡ ሆነሽ ስሚ። አንቺ ያልጠየቅሽውን እሱ የጠየቀውን ለይተሽ ጻፊ። በማግስቱ ጠዋት ሞርኒንግ (የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ላይ ያ ታካሚ ሲቀርብ ሌሊት ምን እንደተደረገለት ታውቂያለሽ፤ ከሁለቱ አልጋዎችሽ አንዱ እሱ ይሁን።